ቢላዋው ሲቆም

ሬሳው የእማማ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ይበላ ነበር። ፊቱ ላይ የቀቡት ነጭ ቀለም በሻዩ ሙቀት ወዝቶ ወደ አንገትጌው ይወርዳል፤ እማማም ዓይናቸው ከአንሶላቸው ላይ አልነቀል ብሏል። ትናንት የታጠበ አንሶላ ነው፤ ሳሙና ደግሞ ዘንድሮ በዋጋው ከሽቶ ጋር ወዳጅነት ጀምሯል። «ልጄ፣ ሙት እንዲህ ይበላል እንዴ?» አሉት። «በባዶ ሆድ መሞት ከባድ ነው እማማ» አለና ሳህኑ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ዳቦ አነሣት። እማማ ባዶውን ሳህን አዩ፣ ሳሎን ውስጥ ሽቦ የሚጎትተውን ሰው ሁሉ አዩ፣ ከዚያ ዳቦ ሊገዙ ቦርሳቸውን ፍለጋ ተነሡ። ቤታቸው የገባ ሰው ተርቦ ሲውል ማየት አይችሉም፤ ከርሃብ የሚመጣውን በሽታ ሁሉ አንድ በአንድ ያስቡታል።

ሰውየው በልጅ ልጃቸው ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል ተመርዞ የሚሞተው ክፉ አከራይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ማን ገደለው እያለ በየሳምንቱ ቴሌቪዥን ላይ ተለጥፎ ያመሻል። ዛሬ የመጨረሻው ትዕይንት፣ አከራዩ እንዴት እንደ ሞተ የሚታይበት፣ ሊቀረጽ ነው፤ ነገ ማታ ይተላለፋል። ቀረጻው እንደ ወትሮው እዚሁ እማማ ሳሎን ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ ሰማይ በነካበት ዘመን ልጅቷ «እማዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ» ብላ አስገባቻቸው፤ ያች ትንሽ ጊዜ አድጋ አግብታ ልትወልድ ደርሳለች። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል ተብሎ መኝታ ቤት ገባ፤ ቀረጻ በተጀመረ ቁጥር ከሶኬት ይነቀላል፣ ወተቱም ይበላሻል። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል ተብሎ ፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። እማማ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ማስነጠስ ሲመጣባቸው እንኳ ማስፈቀድ ለምደዋል።

ዛሬ ግን ቀኑ ሌላ ነው፤ ልባቸው ከነጋ ጀምሮ እንደ ተያዘች ወፍ ይርገበገባል። ልጅቷ የወንጀል ልቦለድ ብቻ ስትጽፍ በነበረበት ጊዜ ስሟ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ቢወጣም፣ መጽሐፉን አዟሪዎች ከካልሲና ከምላጭ ጋር ደባልቀው ነበር የሚሸጡት። ወደ ቴሌቪዥን ስትገባ ኑሮዋ ሻል አለ፤ ስሟ ግን በድራማው ማብቂያ ላይ ደቅቆ ይገባና እማማ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ሮጦ ያልፋል። አሁን ፕሮዲዩሰር ሆናለች። የምትጽፈው እሷ፣ የምትቀጥረው እሷ፣ የምታስቀርጸው እሷ፣ ዝናብ ሲዘንብ የምታለቅሰውም እሷ። ጣቢያው ምዕራፍ ሁለትን በእሷው እጅ ይተውላት እንደሆነ የሚወስነው ዛሬ ነው፤ የጣቢያው ሰው ራሱ መጥቶ ያያል። ከወደደ ድራማው የእሷ ሆኖ ይቀጥላል። ካልወደደ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ተመልሳ በሌላ ሰው ስም ሥር የምትጽፍ ደቃቃ ፊደል ትሆናለች።

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ገዳዩን ከደራሲዋ ቀጥሎ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እሱም እማማ ናቸው። ልጅቷ ታሪክ የምትፈጥረው ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጥና፣ ድንች ለሚልጡት እማማ ትተርክላቸዋለች። ቢላዋው መላጡን ከቀጠለ ታሪኩ ይጣላል። ቢላዋው ቀጥ ካለ ይጻፋል። ከመጀመሪያው መጽሐፏ ጀምሮ ሕጓ ይኸው ነው፤ ለማንም አልነገረችም፤ ማን ያምናታል? ሐኪሙ አከራዩን በመርፌ እንደገደለው የነገረቻቸው ዕለት ቢላዋው ትንሽ ዘገም አለ እንጂ አልቆመም። እሷ ግን ጊዜ አልቆባት ነበርና፣ ዘገም ማለቱን እንደ መቆም ቆጠረችው።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ጥግ ዞሯል። ዳቦው እያነሰ ዋጋው እየጎረመሰ በመጣበት ሰሞን ሰው ተሰልፎ የሚያወራው ስለ ዳቦ ነበር፤ አሁን ግን ወሬው ሁሉ ድራማው ነው። እማማ ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው፣ ደስታቸውን ውጠው፣ ጆሯቸውን አቆሙ። አንዱ ሚስትየዋ ናት ይላል፣ ሌላው ዘበኛው ነው ይላል። እማማ በልባቸው «ወይ አለማወቅ!» እያሉ ይፈነድቃሉ። እዚህ ሁሉ ሰው መካከል እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ምስጢሩ ሆዳቸው ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጣል። ያን ጊዜ ነው ከፊታቸው የቆመች ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ከጓደኛዋ ጋር እየሳቀች የተናገረችው።

«ባክሽ ደራሲዋ ራሷ ገዳዩን አታውቀውም። እየዳበሰች ነው። ደግሞ እሷ አይደለችም አሉ የምትጽፈው።»

«ታዲያ ማነው?»

«አንድ ወንድ አለ ይላሉ። እሷ ስሟን ብቻ ነው የምትለጥፈው። ሴት ልጅ ይህን ሁሉ መርዝ ከየት ታመጣዋለች?»

እማማ አንድ ነገር ውስጣቸው ሲበጠስ ተሰማቸው። ልጅቷ ስንት ሌሊት እንደማትተኛ፣ ጣቶቿ እንዴት እንደሚያብጡ፣ ለመርዙ ብላ ስንት ሰው ደጅ እንደጠናች ዓይናቸው ላይ መጣ። ሴትየዋን በትከሻዋ ያዟት። «ስሚኝ አንቺ! ወንድ የለም! ልጄ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሳምራ ታውቀዋለች! ሐኪሙ ነው! ሐኪሙ ነው የገደለው፣ አልጋ ሥር የተገኘችው የሸሚዝ ቁልፍ የእሱ ናት፣ ነገ ማታ አይተሽ አፈር ብይ!»

ሰልፉ ሁሉ አፈጠጠባቸው። ዳቦ ሻጩ እንኳ ከረጢት እንደያዘ ቀረ። ባለ መነጽሯ ሴት ቀስ ብላ ዞረች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ ከዚያ ፈገግ ብላ ስልኳን አወጣች። እማማ ምን እንዳደረጉ ያን ጊዜ ገባቸው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ዳቦውን ይግዙት አይግዙት አላወቁም፤ ቤታቸው ደጅ ሲደርሱ ግን ከረጢቱ ብብታቸው ሥር ነበር፣ ዳቦውም ተጨፍልቆ ቂጣ ሆኖ ነበር።

ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ሳሎኑ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻል። ሐኪሙ፣ ማለት ሐኪም ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ፣ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ስልኩን ለሁሉም እያሳየ ነው፤ «ሐኪሙ ነው!» የሚለው ጽሑፍ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል፣ የሸሚዝ ቁልፏ ሳትቀር ተጽፋለች። የጣቢያው ሰው ሶፋው መሐል እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ጥግ ላይ ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን ጨብጣ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ዛሬ ጠዋት ደራሲዋ ለተዋናዮቹ መጨረሻውን ስትነግር ስልክ በእጇ ይዛ የነበረችው እሷ ነበረችና፣ ነገሩ እሷ ላይ ተደፍድፏል።

«ቀላል ነው» አለ የጣቢያው ሰው። «ሜካፕ ሠሪዋ ትሄዳለች። ነገ የታወቀ መጨረሻ እናስተላልፋለን፣ ሰውም ይስቅብናል። ስለ ምዕራፍ ሁለት ግን እንደ ጓደኛ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ፤ ማዘጋጀቱን ለሚችሉት ተዪው። ቤትሽ ውስጥ ምስጢር መያዝ ካልቻልሽ ሙሉ ድራማ እንዴት ትይዢያለሽ?»

ደራሲዋ ጽሑፏን ጨብጣ ቆማለች። ከንፈሯ ነጥቷል። እማማ ሜካፕ ሠሪዋን አዩ። የሰው ልጅ ናት፤ እሷም የምትጨነቅላት እናት ይኖራታል። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «ልጅቷን ተዋት» አሉ። «እኔ ነኝ። ዳቦ ሰልፍ ላይ። አፌ ነው።»

የጣቢያው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንድም ሰው አብሮት እንዳልሳቀ አስተዋለ። ደራሲዋ እማማን አየቻቸው፤ አልተቆጣችም፣ እሱ ነው የባሰው። ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እማማም ተከተሏት፣ በሩን ዘጉ፣ የሚያደርጉትን ቢያጡ ድንች አወጡና መላጥ ጀመሩ። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ውኃው ከቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«ለምን ተናገርሽ?» አለች።

«ሰልፉ ላይ አንዲት ሴት ስምሽን አነሣችዋ። ወንድ ነው የሚጽፍላት አለች። አንጀቴ አልቻለም።»

«አንቺ እኮ ዝንብ እንኳ መግደል የማትችይ ሰው ነሽ እማዬ።»

«ዝንብ ምን አደረገኝ? አንቺን የሚነካ ሲመጣ ግን እገድለዋለሁ።» ይህን ሲሉ አልጮኹም፤ የድንቹን ዓይን በቢላዋው ጫፍ ፈንቅለው አወጡና ወደ ሳህኑ ጣሉት። «ሻይ አጠጥቼው፣ አመስግኖኝ ሳያበቃ እገድለዋለሁ።»

ደራሲዋ ቀና አለች። ዓይኗ ላይ አንድ ነገር በራ፤ እማማ ያን ብርሃን ያውቁታል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አሳዳጊዋ ናቸው። «ደግመሽ በይው» አለች፤ ደግመው ሳይመልሱላት ግን ተነሥታ ጠባቧን ወጥ ቤት መመላለስ ጀመረች። «የድራማው አያት! በየክፍሉ ሻይ የምታቀርበው እሷ አይደለችም? አንጋፋዋን ተዋናይት ሥራ ላለማሳጣት ብዬ የጨመርኩት ነው፣ ሻይ ታቅርብ ብዬ! በመጀመሪያው ክፍል ሬሳው ሲገኝ ሁሉም ሲጮህ እሷ ምን ታደርጋለች?»

«ሲኒ ታጥባለች» አሉ እማማ።

«ለምን ታጥባለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

«አንቺ ስትጨነቂ ዕቃ ስለምታጥቢ ነበር የጻፍኩት! እማዬ፣ ማስረጃውን ስታጥብ ነበር! ከተማው ሁሉ እያያት ስታጥብ ነበር! አከራዩ የልጅ ልጇን ከቤት ሊያስወጣ ነበር፣ እሷም ሻይ አቀረበችለት፣ አመስግኖ ጠጣ። የሐኪሙ ቁልፍ የወደቀችው ሊያድነው ሲንበረከክ ነው። ምንም እንደገና አይቀረጽም፣ ሁሉም ነገር እዚያው ነበር፣ እኛ ነን ያላየነው!»

ቢላዋው ቀጥ አለ። ግማሽ የተላጠው ድንች እማማ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀረ፣ ልጣጩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሁለቱም አዩት። ልጅቷ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም፣ አያቷን ከነድንቹ አቀፈቻቸው።

አዲሱን መጨረሻ የሚያውቁት እሷ፣ እማማ፣ አንጋፋዋ ተዋናይትና ሬሳው ብቻ እንዲሆኑ ወሰነች። የጣቢያው ሰው «ልስማው» ሲል «ካሜራው ሲነሣ ታያለህ» አለችው። «መጨረሻው ካልተዋጠልኝ ግን ጉዳዩ አለቀ» አለ። «አለቀ» አለች እሷም፤ በልጅነቷ ገመድ ስትዘል እንደነበረው ሁሉ እግሯ መሬት አልረግጥ ብሏት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ መብራት ተተከለ፣ ማቀዝቀዣው ተነቀለ፣ ሬሳው ፊቱን በአዲስ ተቀባ፣ ሜካፕ ሠሪዋም እንባ ባቀረረው ዓይኗ ሳቀች። እማማ ወጥ ቤት ተቀምጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙት። ይህን አፍ ዛሬ ያልያዙት መቼ ሊይዙት ነው?

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነው፣ የደራሲዋ አባት። መድኃኒት ቤት አለው፤ ልጁ የፋርማሲ ትምህርቷን ጥላ «ወሬ ልጻፍ» ካለች ወዲህ ስሟን አንሥቶ አያውቅም። ሲደውል ስለ ውኃ ቢል፣ ስለ ደም ግፊት ክኒን፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራና ይዘጋል። ዛሬ ስለ ቲማቲም ጀመረ። ግን አልጨረሰውም። ከበስተጀርባው የመድኃኒት ቤቱ በር ደወል ሁለት ጊዜ ሲያቃጭል ተሰማ።

«ሐኪሙ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለ።

እማማ ከወንበሩ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «አንተ ታያለህ እንዴ?»

«ልጆቹ ሲያዩ... አልፎ አልፎ ጆሮዬ ይገባል።»

«ሐኪሙ ነው» አሉ እማማ። ውሸቱ እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ ወጣ፤ ራሳቸውም ገረማቸው።

«አይሆንም» አለ ልጃቸው፣ ተናዶ። «ሐኪም በሬሳው ምርመራ የተገኘውን ያን መድኃኒት አይመርጥም። በሦስተኛው ክፍል እንደተባለው ቶሎም አይገድልም። ንገሪያት።»

«ራስህ ንገራት። ነገ ማታ እዚህ መጥተህ እያየህ።»

የበሩ ደወል እንደገና አቃጨለ፣ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?» አለ፣ ልክ እንደማያውቅ ሰው። እማማ ስልኩን ሲዘጉ ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ፣ አፋቸው ግን ጆሯቸው ድረስ ደርሶ ነበር።

ቀና ሲሉ የጣቢያው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ገባ፤ በርጩማዋን ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ድምፁን አለዘበ። «እማማ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት። የሚዋሽ አንደበት የለዎትም፣ ቅድምም አይቻለሁ። ለልጅቷም ነው የማስበው። ይንገሩኝ፣ ምን ለወጠች?»

እማማ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሻይ ቀዱ። ስኳሩን ጠየቁት፣ አማሰሉለት፣ የሲኒውን ከንፈር በፎጣ ጠረጉለት። «ምን ትለውጣለች ልጄ?» አሉ፣ ትክዝ ብለው፣ በሐዘን ዓይን እያዩት። «ያው ሐኪሙ ነው። ትንሽ ልታሳምረው ትሞክራለች እንጂ። አደራ፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትላት፤ አንዴ አስቀይሜያታለሁ።» ሰውየው አመሰገናቸው። ሻዩን ይዞ ወጣና፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ለአለቆቹ ሲደውል ተሰማ፤ «ያው ነው፣ ምንም የለውም። ለምዕራፍ ሁለት ሌላ ፕሮዲዩሰር ፈልጉ።»

ቀረጻው ተጀመረ። እማማ ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ቆመው አዩ። አንጋፋዋ ተዋናይት በዝግታ ገባች፤ አከራዩን ስኳር ጠየቀችው፣ አማሰለችለት፣ የሲኒውን ከንፈር በፎጣ ጠረገችለት። እማማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ደራሲዋ በወጥ ቤቱ መስኮት አይታ ኖሯል፣ ሮጣ ለተዋናይቷ ነግራት ኖሯል። ተዋናይቷ ያንኑ ትክዝ ያለ ዓይን፣ ያንኑ «ልጄ» አወጣች። አከራዩ አመስግኖ ጠጣ። የመብራቱ ሠራተኛ ገመዱን እንደያዘ ድንጋይ ሆነ፤ ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ። ጥግ ላይ የጣቢያው ሰው ሲኒውን ወደ አፉ ሲያነሣ ነበር፤ ሲኒው በደረቱና በከንፈሩ መካከል ቀጥ አለ።

«ቁረጥ!» አለች ደራሲዋ። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ፤ ጭብጨባው፣ ጩኸቱ፣ የሬሳው ፉጨት። እሷ ግን ያየችው ሲኒውን ነበር። እማማም ያንኑ ነበር ያዩት። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ሁለቱ ተያዩና እንደ ሁለት ሌቦች ፈገግ አሉ።

የጣቢያው ሰው ስልኩን እንደገና አወጣ። ቀስ ብሎ የሚናገረው አንደበቱ ጠፍቶ ተንተባተበ። «ያልኩትን ተዉት... አይ፣ እሷው ናት... እሷው ታዘጋጀው እያልኳችሁ ነው... አይ፣ አልነግራችሁም፣ ነገ ማታ እዩት!» ዘጋና ወደ እማማ መጣ። «እርስዎ እኮ ሐኪሙ ነው ብለውኝ...»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ?» አሉ እማማ። «አሮጊት ነኝ። ሻይህ በረደ፣ ልጨምርልህ?»

ሰውየው ሲኒውን አየ። ሻዩ ግማሽ ድረስ አለ፤ ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀና ብሎ እማማን አየ፣ እንደገና ሲኒውን አየ።

«ይበቃኛል» አለና በሁለት እጁ አቀበላቸው። እማማም ተቀብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡና ማጠብ ጀመሩ።